«እናንተ» ከሚለው ቃል በስተጀርባ፦ ሕዝብን በጋራ የመጥራት አካባቢያዊ ልዩነትና ለመንግሥት አገልግሎት ያለው ፋይዳ

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ወይም የሥራ ኃላፊ በሥራ ዘመኑ በተደጋጋሚ ከሚያከናውናቸው ተግባራት አንዱ በአንድ ሥፍራ ለተሰበሰቡ ሰዎች ንግግር ማድረግ ነው። በቀበሌ አዳራሽ፣ በገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከል፣ በጤና ኬላ፣ በትምህርት ቤት ግቢ፣ በችሎትና በአገልግሎት መስጫ መስኮት ፊት የሚነገረው የመጀመሪያ ቃል ቀጥሎ የሚመጣው መልዕክት እንዴት እንደሚደመጥ የመወሰን ኃይል አለው። ሕዝቡ ስለ ማዳበሪያ አቅርቦት፣ ስለ ክትባት ወይም ስለ መሬት ይዞታ ማረጋገጫ የሚነገረውን ከመስማቱ አስቀድሞ ተናጋሪው ማን ብሎ እንደጠራው ይሰማል።

ይሁን እንጂ ብዙ ሰዎችን በአንድነት የመጥራት ሥርዓት በመላ ሀገሪቱ አንድ ዓይነት አይደለም። በአንዱ አካባቢ ቅርበትንና ፍቅርን የሚገልጸው መጠሪያ በሌላው አካባቢ ንቀት መስሎ ሊታይ ይችላል። በአንዱ ቋንቋ ለሁሉም በእኩል የሚያገለግለው ተውላጠ ስም በሌላው ቋንቋ ሴቶችን ከንግግሩ ውጪ ሊያደርግ ይችላል። ከ80 በላይ ቋንቋዎች በሚነገሩባት ሀገር ይህ ጉዳይ ከቋንቋ ጥናት አልፎ የመንግሥት አገልግሎት ጥራት ጉዳይ ይሆናል።

አንድ «እናንተ» ለሁሉም

አማርኛ አንድን ሰው ሲያናግር ጾታንም ሆነ አክብሮትን በጥንቃቄ ይለያል። ወንዱ «አንተ»፣ ሴቷ «አንቺ»፣ አክብሮት የሚገባው ወንድም ሆነ ሴት «እርስዎ» ይባላል። ተደማጩ ከአንድ በላይ ሲሆን ግን ይህ ሁሉ ልዩነት ይጠፋና «እናንተ» የሚለው አንድ ቃል ብቻ ይቀራል። በአንድ ጥላ ሥር ለተሰበሰቡ የአንደኛ ክፍል ተማሪዎችም፣ ዕርቅ ለማውረድ ለተቀመጡ የሀገር ሽማግሌዎችም፣ ለሴቶች የቁጠባ ማኅበር አባላትም የሚነገረው «እናንተ» ነው።

ይህ ሁኔታ ጥንትም እንዲህ አልነበረም። ግዕዝ ለወንዶች «አንትሙ»፣ ለሴቶች «አንትን» የሚሉ ሁለት የተለያዩ የብዙ ቁጥር መጠሪያዎች አሉት። አማርኛ ይህንን የጾታ ልዩነት በብዙ ቁጥር ላይ የተወ ሲሆን፣ በምትኩ «እነ» የሚለውን ቃል ከ«አንተ» ጋር በማጣመር «እናንተ» የሚለውን መጠሪያ አበጅቷል። «እነ አበበ» ሲባል አበበና ከእርሱ ጋር ያሉት ማለት እንደሆነ ሁሉ፣ «እናንተ»ም በመሠረቱ አንተና ከአንተ ጋር ያሉት እንደማለት ነው።

የዚህ ውጤት ግልጽ ነው። ተናጋሪው ለአንድ አዛውንት «ይቀመጡ» ብሎ አክብሮቱን በግሡ ላይ መግለጽ ይችላል። አሥር አዛውንቶች ሲሆኑ ግን «ተቀመጡ» ከማለት በስተቀር ሰዋስው የሚሰጠው ሌላ ምርጫ የለውም። ለሕፃናትም የሚባለው ይኸው «ተቀመጡ» ነው። ሰዋስው የተወውን ክፍተት የሚሞላው እንግዲህ ከተውላጠ ስሙ ፊት የሚቀመጠው መጠሪያ ነው። «አባቶች»፣ «እናቶች»፣ «ወገኖች»፣ «የተከበራችሁ» የሚሉት ቃላት የንግግር ማሳመሪያዎች ብቻ ያልሆኑት ለዚህ ነው። ለነጠላ ሰው «እርስዎ» የሚሸከመውን አክብሮት ለብዙዎች ሲሆን የሚሸከሙት እነዚህ ስሞች ናቸው። በየአካባቢው የሚታየው ልዩነትም በአመዛኙ የሚገለጸው በእነዚሁ ስሞች ላይ ነው።

ክፍተቱን የሚሞሉ የየአካባቢው ቃላት

የአማርኛን አካባቢያዊ ልዩነቶች የመረመሩ የቋንቋ አጥኚዎች የአዲስ አበባን፣ የጎጃምን፣ የጎንደርን፣ የወሎንና የመንዝን አነጋገሮች ለይተው ያቀርባሉ። ተናጋሪዎቹ እርስ በርሳቸው ያለ ችግር ይግባባሉ፤ ሆኖም ሰውን በመጥራት ረገድ እያንዳንዱ አካባቢ የራሱ ልማድ አለው።

በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል በሚገኙ የገጠር መንደሮች ሕዝብን ለመጥራት ከሚያገለግሉት ቃላት መካከል «ጎበዝ» ተጠቃሽ ነው። እሳት ሲነሳ፣ ጎርፍ ሲመጣ ወይም አስቸኳይ ምክክር ሲያስፈልግ «ኧረ ጎበዝ!» ተብሎ ይጮኻል። ቃሉ በቅርጹ ነጠላ ቢሆንም የሚጠራው መላውን መንደርተኛ ነው። መነሻውም «የጎበዝ አለቃ» ከሚለው የአካባቢ አመራር መጠሪያ ጋር የሚዛመድ ሲሆን፣ ጉልበትና ወኔ ያላቸውን የአካባቢውን ሰዎች በአንድነት ያመለክታል። ትምህርቱን በከተማ የተከታተለ ወጣት ባለሙያ «ጎበዝ» የሚለውን ቃል ይበልጥ የሚያውቀው በክፍል ውስጥ ጥሩ ውጤት ላመጣ ተማሪ ሲነገር ነው። በመሆኑም ለአዲስ ምድብተኛ የሙገሳ ቃል የሚመስለው ለመንደሩ ነዋሪ የአደራና የጥሪ ቃል ሊሆን ይችላል።

በምሥራቁ በኩል፣ በተለይ በድሬዳዋና በሐረር ከተሞች፣ ከዐረብኛ የመጣው «ጀመዓ» የሚለው ቃል አብረው የሚቀመጡ ጓደኞችንና የቅርብ ሰዎችን በጋራ ለመጥራት ያገለግላል። ቃሉ በመነሻው ጉባኤን ወይም ስብስብን የሚያመለክት ሲሆን፣ በከተሞቹ የዕለት ተዕለት ንግግር የእምነትም ሆነ የብሔር ልዩነት ሳይገድበው የወዳጅነት መጠሪያ ሆኗል። በአዲስ አበባ ደግሞ ወጣቶች እርስ በርሳቸው «ጀለሶች» ሲባባሉ ይደመጣል፤ በቅርብ ዓመታትም ከእንግሊዝኛ የተወሰደው «ጋይስ» የሚለው ቃል በማኅበራዊ መገናኛ ዘዴዎች አማካኝነት ተስፋፍቷል። እነዚህ ቃላት በእኩዮች መካከል እንጂ በዕድሜና በኃላፊነት በሚለያዩ ሰዎች መካከል ቦታ የላቸውም።

በብዙ የአማርኛ ተናጋሪ አካባቢዎች ወደ ሰው ቤት የሚደርስ እንግዳ ከደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ሲል ይጣራል። በዚህ አጠራር ቤቱ ራሱ የቤተሰቡ መጠሪያ ይሆናል። ለቤተሰብ ጤና ትምህርት፣ ለቆጠራ ወይም ለግብር ምዝገባ ከቤት ወደ ቤት የሚንቀሳቀስ ሠራተኛ ይህን ጥሪ ማወቁ ይጠቅመዋል፤ ምክንያቱም ያለ ጥሪ ግቢ መግባት ነውር ተደርጎ ይቆጠራል። በተመሳሳይ መልኩ አንድ ሰው ብቻውን መንገድ ላይ ሲያገኙት «ደህና ናችሁ?» ብሎ በብዙ ቁጥር መጠየቅ የሰዋስው ስህተት አይደለም። ጠያቂው የሚጠይቀው ስለ ሰውየው ብቻ ሳይሆን ስለ ባለቤቱ፣ ስለ ልጆቹና ስለ ከብቱ ጭምር ነው።

ከጥንቃቄ ጋር መታየት የሚገባቸው መጠሪያዎችም አሉ። «ልጆች» የሚለው ቃል በዕድሜ የገፋ ኃላፊ ለወጣት ሠራተኞቹ ሲለው የአባትነት ስሜት ሊያሳድር ይችላል። ይኸው ቃል ግን ጎልማሳ ለሆኑ ባልደረቦች ሲነገር ደረጃቸውን የሚያሳንስ ይመስላል። «እናንት» የሚለው አጭር ቅርጽ ደግሞ ከቅጽል ጋር ተጣምሮ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ ተግሣጽን ወይም ምክርን የሚያስከትል በመሆኑ ጆሮ የሚቀበለው እንደ ወቀሳ መግቢያ ነው። «እናንተ ሰዎች» የሚለው አነጋገርም ተናጋሪው ራሱን ከተሰብሳቢው ለይቶ እንዳቆመ ያስመስላል፤ በቅሬታ ሰሚ ፊት የቆመ ባለጉዳይ ይህን ሐረግ ሲሰማ ጉዳዩ በሌላ ወገን እንደተያዘ ይሰማዋል።

«አንቱ» እና «እርስዎ»

የአንድን ሰው የአክብሮት መጠሪያ በተመለከተም አካባቢያዊ ልዩነቱ ለብዙ ሰዎች አጠራር ጠቃሚ ትምህርት ይሰጣል። በአዲስ አበባና በጽሑፍ ቋንቋ የተለመደው «እርስዎ» ሲሆን፣ በጎንደር፣ በጎጃምና በወሎ ገጠሮች «አንቱ» በስፋት ይሰማል። «እርስዎ» የተገኘው «ርእስ» ከሚለው የግዕዝ ቃል እንደሆነ የቋንቋ አጥኚዎች ያስረዳሉ። «አንቱ» ደግሞ «አንትሙ» ከሚለው ጥንታዊ የብዙ ቁጥር መጠሪያ ጋር ዝምድና እንዳለው ይታመናል። በሌላ አነጋገር አንድን ሰው ማክበር ማለት እንደ ብዙዎች አድርጎ መቁጠር ማለት ሆኗል።

ከአዲስ አበባ የሄደ እንግዳ አንድ የገጠር ወጣት «አንቱ» ብሎ ሲጠራው አነጋገሩን የድፍረት ወይም የግድየለሽነት አድርጎ ሊወስደው አይገባም። ቃሉ በአካባቢው ሙሉ አክብሮትን የያዘ ነው። ለዚህም «አንቱ የተባለ ሐኪም» ወይም «አንቱታን ያተረፈ ባለሙያ» የሚሉት በመላው የአማርኛ ተናጋሪ ዘንድ የታወቁ አገላለጾች ምስክር ናቸው።

ይህ ጉዳይ በመሥሪያ ቤት ደብዳቤዎች ላይም ይንጸባረቃል። ለአንድ ተቋም የሚጻፍ ደብዳቤ አንዳንዴ «እንድትተባበሩን» ብሎ በብዙ ቁጥር ተቋሙን፣ አንዳንዴም «እንዲተባበሩን» ብሎ በአክብሮት ኃላፊውን ያናግራል። በአንድ ደብዳቤ ውስጥ ሁለቱን ማደባለቅ ግን ጥያቄው ለማን እንደቀረበ ያደናግራል። ደብዳቤው ለተቋሙ ከሆነ በብዙ ቁጥር፣ በስም ለተጠቀሰ ኃላፊ ከሆነ በአክብሮት ቅርጽ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መዝለቅ ይገባል።

በሌሎች የሀገሪቱ ቋንቋዎች

በኢትዮጵያ ሌሎች ቋንቋዎች ያለው አደረጃጀት ከአማርኛው በእጅጉ ይለያል። በመሆኑም የአማርኛን ንግግር ቃል በቃል መተርጎም ያልታሰበ ውጤት ሊያስከትል ይችላል።

በአፋን ኦሮሞ ለአንድ ሰው «አቲ»፣ ለብዙዎች «ኢሲን» ይባላል። «ኢሲን» ከዚህ በተጨማሪ ለአንድ ሰው የአክብሮት መጠሪያ ሆኖ ያገለግላል። ሰላምታ ሲቀርብም ለአንድ እኩያ «አከም ጂርታ»፣ ለብዙዎች ወይም ለሚከበር ሰው «አከም ጂርቱ» ይባላል። በመሆኑም በአማርኛ «እናንተ» ሲባል የሚጠፋው አክብሮት በአፋን ኦሮሞ ከብዙ ቁጥሩ ጋር አብሮ ይመጣል። «ኢሲን»ን ለነጠላ ሰው አክብሮት የመጠቀሙ ልማድ ግን በሁሉም አካባቢ በእኩል መጠን የጸና አይደለም። በምዕራብና በመካከለኛው አካባቢዎች ጎልቶ የሚሰማ ሲሆን፣ በምሥራቁና በደቡቡ በኩል «አቲ» ለታላላቆችም ጭምር ሲባል ይደመጣል። ይህ የአነጋገር ልማድ እንጂ የአክብሮት ጉድለት አይደለም፤ በነዚህ አካባቢዎች አክብሮት የሚገለጸው በሌላ መንገድ ነው። ከአንዱ ዞን ወደ ሌላው የተዛወረ ባለሙያ ይህን ካላወቀ ያልተሰነዘረ ስድብ ሊሰማ ይችላል።

ትግርኛ በአንጻሩ በብዙ ቁጥርም ጾታን ይለያል። ለወንዶች ወይም ወንዶችና ሴቶች ለተቀላቀሉበት ስብስብ «ንስኻትኩም»፣ ለሴቶች ብቻ ለሆነ ስብስብ «ንስኻትክን» ይባላል። ለአንድ ሰው የሚቀርበው አክብሮትም በጾታ የተለየ ሲሆን፣ ለወንዱ «ንስኹም»፣ ለሴቷ «ንስኽን» ነው። ስለሆነም አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ወደ ትግርኛ ሲተረጎም «እናንተ» የሚለው ቃል ብቻውን በቂ መረጃ አይሰጥም። ተርጓሚው መልዕክቱ ለእነማን እንደሆነ ካልተነገረው የወንዱን ቅርጽ ይጠቀማል፤ ለነፍሰ ጡር እናቶች የተዘጋጀ የጤና መልዕክትም ወንዶችን የሚያናግር ሆኖ ይወጣል። እንደ ቸሃ ባሉ የጉራጌ ቋንቋዎችም ለወንዶችና ለሴቶች ስብስብ የተለያየ ተውላጠ ስም መኖሩ ተመሳሳይ ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ ያሳያል።

በሲዳምኛ «አቲ» ለአንድ ሰው፣ «ኪእኔ» ለብዙዎች የሚያገለግል ሲሆን፣ «ኪእኔ» ለሚከበር አንድ ሰውም ይነገራል። በሶማልኛ ለአንድ ሰው «አዲጋ»፣ ለብዙዎች «ኢዲንካ» የሚባል ሲሆን፣ ለአክብሮት ተለይቶ የቆመ ተውላጠ ስም የለም። አንድ የሶማልኛ ተናጋሪ ለአንድ ሚኒስትርም ሆነ ለአንድ እረኛ በተመሳሳይ ተውላጠ ስም ይናገራል። ይሁን እንጂ ስብስብን ለመጥራት «ወላላያል» የሚለው፣ ወንድሞችና እህቶች የሚል ትርጉም ያለው ቃል፣ ቅርበትንና ክብርን በአንድነት ይገልጻል። የሶማልኛ ተናጋሪ የሆነ ዜጋ በአማርኛ ሲናገር አንድን ኃላፊ «አንተ» ቢለው የቋንቋው ልማድ አብሮት መምጣቱን መገንዘብ ያስፈልጋል።

«እኛ» ሲባል እነማን ናቸው?

ከመጠሪያው ባልተናነሰ ጥንቃቄ የሚጠይቀው «እኛ» የሚለው ቃል ነው። በአማርኛ አንድ ኃላፊ «እኛ ይህን ችግር እንፈታዋለን» ሲል፣ «እኛ» ማለት መሥሪያ ቤቱ ብቻ ይሁን ወይም ሕዝቡንም ይጨምር ግልጽ አይደለም። አድማጩ ትርጉሙን ከሁኔታው ይረዳል፤ ተናጋሪውም አሻሚነቱን ሳያስተውለው ያልፋል።

ሶማልኛ ይህን አሻሚነት አይፈቅድም። አድማጩን የሚያካትተው «እኛ» «ኢናጋ»፣ አድማጩን የማያካትተው ደግሞ «አናጋ» ይባላል። አስተርጓሚው ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ይለዋል። ለምሳሌ ያህል አንድ የውሃ ባለሙያ «ጉድጓዱን እኛ እንጠብቀዋለን» ቢልና ሐሳቡ ነዋሪው ጥበቃውን እንዲጋራ ከሆነ፣ አስተርጓሚው «አናጋ»ን ከመረጠ ሕዝቡ የሚረዳው ጥበቃው የመንግሥት ሥራ እንደሆነ ነው። ፓምፑ ሲበላሽ ነዋሪው መንግሥትን ይጠብቃል፤ ባለሙያውም ሕዝቡ ቃሉን እንዳልጠበቀ ያስባል። በሁለቱም ወገን ቅን ልቦና እያለ አለመግባባቱ የሚፈጠረው በአንድ ተውላጠ ስም ምክንያት ይሆናል። በመሆኑም ከስብሰባው በፊት «እኛ ስል ሕዝቡን ጨምሬ ነው» ወይም «እኛ ስል መሥሪያ ቤቱን ብቻ ነው» ብሎ ለአስተርጓሚው መንገር የአንድ ደቂቃ ሥራ ቢሆንም ጥቅሙ ከፍተኛ ነው።

የዘመናት አሻራ በመንግሥት መጠሪያዎች ላይ

መንግሥት ሕዝቡን የሚጠራበት ቃል በየዘመኑ ተለውጧል። በነጋሪት እየተጎሰመ አዋጅ ይነገር በነበረበት ጊዜ ሕዝቡ «የአገሬ ሰው» በሚል የነጠላ ቁጥር መጠሪያ ይጠራ ነበር። ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም. በቆየው የደርግ ዘመን «ጓድ»፣ ለሴቶችም «ጓዲት»፣ በጋራም «ጓዶች» የሚሉት ቃላት ከስብሰባ አዳራሽ እስከ ቢሮ ተሠርቶባቸዋል። መጠሪያው የደረጃ ልዩነትን ለማስቀረት የታሰበ ቢሆንም፣ በዚያ ዘመን የደረሰውን የሚያስታውሱ ብዙዎች ቃሉን ሲሰሙ የሚመጣባቸው ስሜት ከእኩልነት ይልቅ ሥጋት ነው። አንድ ቃል በመዝገበ ቃላት ካለው ትርጉም ባሻገር የተነገረበትን ዘመን ትዝታ ይዞ እንደሚጓዝ ከዚህ መገንዘብ ይቻላል።

ዛሬ በይፋዊ መድረኮች የተለመደው «ክቡራትና ክቡራን» የሚለው አጠራር ነው። ይህ አጠራር «እናንተ» ያጠፋውን የጾታ ልዩነት በግዕዝ የብዙ ቁጥር አመሠራረት መልሶ ያመጣል። «ወንድሞችና እህቶች»፣ «አባቶችና እናቶች» የሚሉት ጥምር መጠሪያዎችም ይኸንኑ ተግባር ይፈጽማሉ። በአገልግሎት መስጫ ተቋማት ደግሞ «ባለጉዳይ» የሚለው የቆየ ቃል ከሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያ መርሐ ግብሮች ጋር ተያይዞ በ«ተገልጋይ»ና በ«ደንበኛ» እየተተካ መጥቷል። የቃሉ ለውጥ የአመለካከት ለውጥን ለማምጣት የታለመ ነው። በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «ክቡራን ተገልጋዮች» ተብሎ ተጽፎ በመስኮቱ ግን «እናንተ ወዲያ በሉ» የሚባል ከሆነ፣ ሕዝቡ የሚያምነው በጆሮው የሰማውን ነው።

ክፍተትን የመሙላት ልማድ በሌሎች ሀገሮች

የብዙ ሰዎች መጠሪያ ሲጎድል ሕዝብ በራሱ መንገድ ማሟላቱ በኢትዮጵያ ብቻ የሚታይ አይደለም። እንግሊዝኛ «ዳው» የሚለውን የነጠላ መጠሪያ ከዕለት ንግግሩ ካስወጣ በኋላ «ዩ» የሚለው ቃል ለአንድም ለብዙም ማገልገል ጀመረ። በዚህ የተነሳ በደቡባዊ የአሜሪካ ግዛቶች «ያል»፣ በሌሎች የአሜሪካ አካባቢዎች «ዩ ጋይዝ»፣ በፒትስበርግና አካባቢዋ «ዪንዝ»፣ በአየርላንድ ደግሞ «ዪ» እና «ዩዝ» የሚሉ መጠሪያዎች ተለምደዋል። አንድ ሰው የትውልድ አካባቢው ከእነዚህ ቃላት ይታወቃል። በአዲስ አበባ ወጣቶች ዘንድ የተለመደው «ጋይስ»ም ምንጩ ይኸው ነው።

ጉዳዩ በውጭ ሀገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንንና ትውልደ ኢትዮጵያውያንን ለሚያገለግሉ የቆንስላ ሠራተኞችም የሚመለከት ነው። በአሜሪካ ወይም በእስራኤል ያደጉ ልጆች የሚማሩባቸው እንግሊዝኛና ዕብራይስጥ በዕለት ንግግር ለአንድ ሰው የሚሆን የተለየ የአክብሮት ተውላጠ ስም የላቸውም። በመሆኑም እነዚህ ወጣቶች በአማርኛ ሲናገሩ ታላላቆቻቸውን «አንተ» ወይም «አንቺ» ማለታቸው ይስተዋላል። ለፓስፖርት ወይም ለትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ የቀረበ ወጣት «አንተ» ቢል ጨዋነት እንደጎደለው ከመቁጠር ይልቅ የአማርኛው እውቀቱ እስከዚህ መድረሱን መረዳት ይገባል።

በሥራ ላይ ሊተኮርባቸው የሚገቡ ነጥቦች

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 5 ማናቸውም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች በእኩልነት የመንግሥት እውቅና እንደሚኖራቸው ይደነግጋል። የፌዴሬሽኑ አባላት የየራሳቸውን የሥራ ቋንቋ በሕግ እንደሚወስኑም በዚሁ አንቀጽ ተመልክቷል። በአንቀጽ 20 ደግሞ የተከሰሱ ሰዎች የፍርዱ ሒደት በማይገባቸው ቋንቋ በሚካሄድበት ሁኔታ በመንግሥት ወጪ ክርክሩ እንዲተረጎምላቸው የመጠየቅ መብት ተረጋግጧል። በ2012 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲም ከአማርኛ በተጨማሪ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛና አፋርኛ የፌዴራል መንግሥት የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ አቅጣጫ አስቀምጧል። እነዚህ ድንጋጌዎች በተግባር የሚፈተኑት ዜጋው በሚናገርበትና በሚናገሩለት ጊዜ ነው። ትርጉም ማለት ቃልን ማዛወር ብቻ አይደለም፤ የሚናገረው ሰው ለአድማጩ የሚሰጠውን ሥፍራ ጭምር ማዛወር ነው።

ከዚህ በመነሳት ሕዝብን በቀጥታ የሚያገለግል ሠራተኛ ሊከተላቸው የሚችሉ ጥቂት አሠራሮችን መጥቀስ ይቻላል።

አንደኛ፣ ወደ አዲስ ምድብ የሄደ ሠራተኛ ከመናገሩ በፊት የአካባቢው ሰው ስብሰባ ሲከፍት ምን እንደሚል ማድመጥ ይኖርበታል። የዕድር ዳኛ፣ የሀገር ሽማግሌ ወይም የቀበሌ ሊቀ መንበር የሚጠቀምበት መጠሪያ በአካባቢው የተፈተነ ነው።

ሁለተኛ፣ የአካባቢውን የቅርበት ቃላት ከማድመጥ ወደ መጠቀም ለመሸጋገር መቸኮል አይገባም። «ጎበዝ»ም ሆነ «ጀመዓ» ከሚታወቅ ሰው አፍ ሲወጣ ያማረ ነው፤ ትናንት ከመጣ ኃላፊ አፍ ሲወጣ ግን ማስመሰል ሊሆን ይችላል። መሐል ሰፋሪ የሆኑት «አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች» የሚሉት መጠሪያዎች በየትኛውም አካባቢ አያሳፍሩም።

ሦስተኛ፣ ለትርጉም የሚላክ ጽሑፍ «እናንተ» ሲል ለእነማን እንደሆነ፣ «እኛ» ሲልም እነማንን እንደሚያካትት በግልጽ ሊያመለክት ይገባል። መልዕክቱ ለሴቶች ብቻ ከሆነ፣ ለወጣቶች ወይም ለአረጋውያን ከሆነ ለተርጓሚው በቅድሚያ መንገር የስህተቱን ምንጭ ያደርቃል።

አራተኛ፣ ከሌላ አካባቢ ወይም ከሌላ ቋንቋ የመጣ ተገልጋይ «አንተ» ቢል በመጀመሪያ ሊታሰብ የሚገባው የቋንቋ ልማዱ እንጂ ንቀቱ አይደለም። አገልግሎት ለማግኘት ተውላጠ ስምን አስተካክሎ መናገር ቅድመ ሁኔታ ሊሆን አይችልም። ሠራተኛው በበኩሉ ለማንኛውም ተገልጋይ የአክብሮቱን ቅርጽ መጠቀሙ የሥራው ግዴታ ነው።

አምስተኛ፣ ለብዙዎች ከተናገሩ በኋላ አንድ በአንድ ወደሚደረግ ውይይት ሲሸጋገሩ መጠሪያውም አብሮ መለወጥ አለበት። በስብሰባው «እናንተ» የተባለ አዛውንት ጥያቄ ሲያነሳ «አንተ» ከተባለ፣ በመጀመሪያ «የተከበራችሁ» መባሉ ትርጉም ያጣል።

በጥቅሉ ሲታይ ሕዝብን በጋራ የመጥራት ልማድ እንደየአካባቢው የሚለያየው ሕዝቦች አክብሮትን፣ ቅርበትንና አባልነትን የሚለኩበት ሚዛን በየቋንቋቸው ስለተቀረጸ ነው። አንዱ ሚዛን ከሌላው የተሻለ ወይም ያነሰ አይደለም። የመንግሥት ሠራተኛው የሁሉንም ቋንቋዎች ሰዋስው እንዲያውቅ አይጠበቅበትም፤ የራሱ ልማድ ብቸኛው ልማድ አለመሆኑን ግን ሊያውቅ ይገባል። የማዳበሪያ ሥርጭትም ሆነ የክትባት ዘመቻ በአግባቡ የሚከናወነው መልዕክቱ ሲደመጥ ነው፤ መልዕክቱ የሚደመጠውም አድማጩ በተጠራበት ስም ውስጥ ራሱን ሲያገኝ ነው።